በብርቄ በቅሎ ላይ ያሰርኩት ቀይ ዘርፍ

«አንቺ ልጅ፣ እጅሽ የነካው ነገር ሁሉ ወይ ይቀደዳል ወይ ሰው ያስለቅሳል!» አሉኝ አያ ሙሄ፣ ፊት ለፊቴ፣ መቀሳቸውን ወደ አፍንጫዬ ቀስረው።

አያ ሙሄ የሐይቅ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቃቸው ዓሣ ከሚጠበስበት ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ስለሚዋሰን የሚሰፉት ሱሪ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ደንበኛ ሲያማርር «ሐይቅ ተቀምጠህ ምን እንዲሸትህ ፈልገህ ነው?» ይሉታል። ደንበኛውም ዝም ይላል፤ ምክንያቱም ሌላው ልብስ ሰፊ ያለው ውጫሌ ነው።

እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት ስድቡ አልበዛብኝም። ሰው ሊለካ ቆሞ እኔ ከስፌት መኪናቸው ሥር ተንበርክኬ የቁርጥራጭ ጆንያቸውን እንደ ዶሮ እጭር ነበር። ሱሪ የሚለካው ሰውዬ እግሩን አንስቶ የት እንደሚያሳርፈው ቸግሮት በአንድ እግሩ ቆሟል።

ወደ ጆንያው እንዴት እንደገባሁ ልንገራችሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ። ማትሪክ ወደቀች ይሉኛል፤ ሐሰት ነው፣ ማትሪክ ነው እኔ ላይ የወደቀው። ሐይቅ ውስጥ ተምራ ሥራ ያጣች ልጅ ዕጣዋ ሁለት ነው፤ ወይ ትዳራለች፣ ወይ ለቀበሌ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ትጽፋለች። ሁለቱም ተቀምጦ ማዳመጥ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ መቀመጥ አልችልበትም። እናቴ «ስትወለጂ አዋላጇ ሳትይዝሽ ተነስተሽ ልትሄጂ ነበር» ትላለች።

ስለዚህ ጨርቅ መቆራረጥ ጀመርኩ። ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ያስተማሩን እትዬ «የሚጣል ጨርቅ የለም፣ የሚጣል ጭንቅላት ነው ያለው» ይሉን ነበር፤ ሲሉ የሚያዩት እኔን ነው። ቁርጥራጩን በቀጭኑ ትቆርጡታላችሁ፣ አንዱን ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ትሸነሽኑታላችሁ፣ ትጠቀልሉትና አንገቱን በክር ታንቁታላችሁ። ዘርፍ ሆነ ማለት ነው። ክብ ክብ አድርጋችሁ ደራርባችሁ መሐሉን ሰብሰብ ካደረጋችሁት ደግሞ አበባ ነው። አበባው እንዳይልፈሰፈስ እኔ የገብስ ዱቄት ሙቅ አፍልቼ ነክሬ አደርቀዋለሁ። ይህ የራሴ ፈጠራ ነው፤ ጉዱን በኋላ ትሰሙታላችሁ።

ሥራዬ ገበያ አገኘ። ትራስ የሚጠልፉ ሴቶች ዘርፍ ወሰዱ፤ ባንድ ክረምት የሐይቅ ትራስ ሁሉ ጢም አበቀለ። መሶብ የሚሰፉት አበባ ወሰዱ። ባለበቅሎዎች ወሰዱ። ካህናቱም ለጥላቸው ጠርዝ ወሰዱ፤ የአንድ ሐጂ በቅሎና የአንድ ደብር ጥላ እህትማማች ሆነው መንገድ ላይ ሲተላለፉ አይቻለሁ፤ ሰላም አልተባባሉም እንጂ።

እንዲህ ሳለሁ ብርቄ መጣች።

ብርቄ የክፍል ጓደኛዬ ናት። ይመር የሚባል አስተማሪ ልታገባ ነው። ይመር የአምባሰል ልጅ ነው፤ ሠርጉም ሙሽራ ወደ እናቱ ቤት በበቅሎ የሚወጣበት የደጋ ሠርግ ነው። ሁለቱ የተዋወቁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። አንድ ገጠር ተመድበው ቀን ቀን ገበሬውን ሀ ሁ ሲያስቆጥሩ፣ እርስ በርሳቸው ግን ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ጨርሰውት ነበር። ችግሩም እሱ ነው።

«ጨርቁስ?» አለችኝ ብርቄ፣ ቤታችን በር ላይ ቆማ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«የምን ጨርቅ?»

«አትጃጃይ! የብር አምባሩ ጨርቅ ነዋ!»

ለማታውቁት፦ በዚያ አገር ሙሽሮቹ ካደሩ በኋላ ሚዜዎቹ ቀይ የነካው ነጭ ጨርቅ ይዘው እየዘፈኑ ይወጣሉ። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ከወጣ ሙሽራዋ በመጣችበት በቅሎ ትመለሳለች። የይመር እናት እትዬ የሺ ደግሞ ያገሩን ጨርቅ ሁሉ የሚመረምሩ እሳቸው ናቸው። ወደ ብርሃን አውጥተው፣ ገልብጠው፣ አሽትተው ነው የሚፈርዱት ይባላል።

«ይመር ምን ይላል?»

«ጣቴን በምላጭ እቆርጣለሁ ይላል።»

ይመር ዶሮ ሲታረድ አይቶ የወደቀ ሰው ነው። ለክትባት መርፌ ሲያይ ሁለት ነርሶች ደግፈውታል።

«እናቱ ያደረገው የራሳቸው ልጅ መሆኑን ቢያውቁስ?» አልኳት።

«ለሳቸው ልጃቸው መልአክ ነው። እኔ ነኝ የምመለሰው። አባቴን ታውቂው የለም? ከተመለስኩ ደጅ አያስገባኝም።» ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከዚያ ወዲያው ተቆጣች። «አሁን አታባብይኝ! ለበቅሎዋ ዘርፍ ሥሪልኝ፤ ቢያንስ ስሄድ አምሬ ልሂድ።»

«በቅሎሽን እንዲህ አድርጌ ነው የማስጌጥልሽ፣ አንቺን የሚያይ ሰው አይኖርም» አልኳት። ምን ዓይነት ማጽናኛ እንደሆነ አላህ ይወቀው።

አያ ሙሄ ጆንያ ውስጥ የነበርኩት ለዚህ ነው። እዚያው ከሥር፣ ከሁሉም በታች፣ ቀይ ጨርቅ አገኘሁ። ቀይ ብላችሁ ደግሞ የደረቀ በርበሬ ዓይነት አይደለም፤ የሚጮህ ቀይ። ለመስከረሙ የአብዮት በዓል ቀበሌው መፈክር ሲያሰፋ የተረፈ ነው። እኔ በዓሉን አላየሁትም፤ ደሴ ወጥቼ የማትሪክ ውጤት ሰሌዳ ሥር ቆሜ ነበር።

«አያ ሙሄ፣ ይህን ልውሰደው?»

መኪናቸውን አቆሙ። በሩን አዩ። ሱሪ የሚለካውን ሰውዬ አዩ። «እሱን ተይው» አሉ።

«የሰው ነው?»

«የሰው አይደለም።»

«የቀበሌው ነው?»

«ተይው አልኩሽ! ቀይ ሁሉ ለበቅሎ ይሆናል ያለሽ ማነው?»

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

አፋቸውን ከፈቱ፣ ሰውዬውን እንደገና አዩት፣ አፋቸውን ዘጉ። ሰውዬውም በአንድ እግሩ እንደቆመ ጣራ ጣራውን ያያል። እኔ ስስት መሰለኝና ጨርቁን ጎተትኩ፤ ስጎትት ከመደርደሪያቸው ላይ አንድ እጅጌ ተሰፍቶ ሌላው የቀረ የሰው ኮት አብሬ አወረድኩ። ያን ስድብ ያገኘሁት ይኼኔ ነው። በመጨረሻ «ያ ረቢ! ውሰጂልኝ! ውሰጂና ከደረቅ ቦታ አኑሪው!» ብለው አባረሩኝ።

«ጨርቅ እኮ ነው አያ ሙሄ፣ በርበሬ አይደለም!» ብያቸው ወጣሁ። በጣም የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

የሠርጉ ጠዋት በቅሎዋን ያየ ሁሉ አፉን ያዘ። ነጭ በቅሎ ናት፤ የይመር አጎት የባላምባራስ። (ማዕረጉ ከተሻረ ቆይቷል፣ «ጓድ» እንዲባሉ ተነግሯቸዋል፤ «ጓድ» ሲሏቸው ወደ ኋላቸው ዞረው ሌላ ሰው ይፈልጋሉ።) በኮርቻው ዙሪያ ቀይ ዘርፍ፣ በልጓሙ ቀይ ዘርፍ፣ በደረቷ ቀይ ዘርፍ፣ ከጅራቷ በላይ ደግሞ ቀይ አበባ እንደ መስክ። ብርቄ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ካባ ደርባ ስትቀመጥባት፣ የገዛ እናቴ «ይቺን የሠራችው ያቺ የኔዋ ናት?» ብላ ሰው ጠየቀች።

ጉዞ ጀመርን። አጃቢው አምባሰልን እያዜመ ዳገቱን ተያያዘው። ከሙሽራዋ ቀጥሎ የሚሄደው ሚዜው ሰይድ ነው። ሰይድ የሐይቅ ልጅ፣ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ነው። ጠመንጃውን ለሠርጉ ብሎ ቤቱ ቢተውም ኮስተር ማለቱን ግን ይዞት መጥቷል።

ትንሽ እንደሄድን የሰይድ በቅሎ አንገቷን አስግጋ ከብርቄ በቅሎ ጭራ በላይ ያለውን አንድ አበባ በላችው።

«ያዛት!» አልኩ።

ያዛት። ደግሞ አንዱን በላች። ልጓም ሲስብ ወደ ኋላ የምትሄድ መስላ ወደ ፊት ትሄዳለች። የብርቄ በቅሎ በበኩሏ ከኋላዋ የሚያጭዳት ሲመጣ ጊዜ መራገጥ ጀመረች።

«አንቺ፣ እዚህ ጨርቅ ላይ ምን አድርገሽበታል?» ጮኸ ሰይድ።

«የገብስ ሙቅ!»

«የገብስ... ለበቅሎ ገብስ አስረሽ ነው በበቅሎ ፊት የምትነጂው?»

አያችሁ፣ ይህን ማንም ከተማረ ሰው በስተቀር አይስተውም። አጃቢው ዜማውን ትቶ ይስቃል። ብርቄ ከላይ ሆና «በእመቤቴ፣ ወይ በቅሎዋን አብሏት፣ ወይ እኔን አውርዱኝ!» ትላለች። አበባው አልቆ ዘርፉ ሲቀር ነው ሰላም የወረደው።

ከዚያ ዘነበ።

የበልግ ዝናብ ነው፤ ደጋው ላይ በጥር ማለቂያ ሳይጠሩት ይመጣል። አጃቢው ነጠላውን ተከናነበ፣ የብርቄን ካባ ከትከሻዋ አንስተን ራሷ ላይ ጣልንላት፤ ቀሚሷ ተጋለጠ። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ቀና ስል ነጯ በቅሎ ከሆዷ በታች ቀልታለች። ስትራገጥ የሆነ ነገር ወግቷት መስሎኝ ሮጬ ሄጄ ሆዷን ዳሰስኩ። እጄ ቀላ። ዘርፉን ያዝኩ። ይበልጥ ቀላ። ኮርቻው ዙሪያ ያለው ዘርፍ ሁሉ እንደ ወጥ ይንጠባጠባል።

ሰይድን ቀና ብዬ አየሁት። ሰይድ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ልክ እንደዚያ ሱሪ ለኪ።

«ሰይድ፣ ይህ ጨርቅ ይለቃል?»

«የምን ጨርቅ?» አለ።

ያን ጊዜ ግቢው ደረስን። እልልታው ቀለጠ። ዝናቡ ደግሞ ስንደርስ አባራ፤ ጸሐይ ወጣችና ሁሉም ነገር በደንብ እንዲታይ አደረገች። ይመር ብርቄን በሁለት እጁ አቅፎ አወረዳት፣ ወደ ዳሱ ለመሄድ ዞር አለች፣ እልልታውም ከመሐሉ ተቆረጠ።

ከወገቧ በታች፣ ከኋላዋ፣ ነጩ ቀሚስ ቀይ ነው።

«ኧረ ጉዴ ፈላ!» አሉ እትዬ የሺ፣ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው። «ገና ከደጅ! ገና ልጄ ሳይነካት! ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው የመጣችልኝ?»

ይመር የገዛ እጆቹን አያቸው። ቀይ ናቸው። ወደቀ።

እሱን ሲያነሱት፣ ሴቶቹ በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ሲንሾካሾኩ፣ ብርቄ ካባዋን ፊቷ ላይ ጎትታ እንደ ግንድ ቆማለች። የፈራችው ነገር ከተቀጠረለት ሰዓት ቀድሞ፣ በቀትር፣ በሰው ፊት መጣባት። ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

«ቀለም ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ወላሂ ቀለም ነው! ዘርፉ ነው የለቀቀው!»

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?» አሉ እትዬ የሺ።

«ዘርፉን የሠራሁት ነኝ!»

«ዘርፍ እንዲህ ይለቃል? በዕድሜዬ ስንት በቅሎ ዝናብ ሲመታት አይቻለሁ፣ ደም የሚተፋ ዘርፍ አላየሁም! ጓደኛሽን ለማዳን ነው!»

ባላምባራስ ከዳሱ ወጡ። በጣም ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። አንዴ በቅሏቸውን፣ አንዴ ሙሽራዋን፣ አንዴ መሬት የተጋደመውን የወንድማቸውን ልጅ አዩ። «ጨርቁ ከየት የመጣ ነው?» አሉኝ።

«የቀበሌ መፈክር ከተሰፋበት የተረፈ ነው።»

«እንግዲያማ የቀበሌ ሰው እዚሁ አለልን።» ወደ ሰይድ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ በበዓሉ ነበርክ። ይህ ጨርቅ ዝናብ ሲነካው ይለቃል አይለቅም?»

ሰይድ ላብ በላብ ሆነ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። በመስከረሙ በዓል ዘንቦ ነበር። መፈክሩ የለቀቀው ከሥሩ በቆመው ሰው ሁሉ ላይ ነው። ሐይቅ በሙሉ ያውቃል፤ አያ ሙሄ ያውቃሉ፣ ያ በአንድ እግሩ የቆመው ሰውዬ ያውቃል። ግን የአብዮቱ ቀይ ለቀቀ ብሎ ለመናገር ማን አፍ አለው? እኔ ብቻ ደሴ ነበርኩ።

«ሰይድ!» አልኩት። «ልጅቱን በበቅሎ ሊመልሷት ነው!»

ሰይድ ብርቄን አያት። ጉሮሮውን ጠረገ። እጁን ወደ ጎን አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ስብሰባ ላይ እንደሚናገረው።

«ጨርቁ» አለ፣ «በመሠረቱ አይለቅም። ጨርቁ አቋሙን አልለወጠም።»

እትዬ የሺ «አላልኳችሁም?» አሉ።

«ይሁን እንጂ» አለ ሰይድ፣ «ዝናቡ አድኃሪ ነበር።»

ባላምባራስ ጢማቸውን ያዙ። «አድኃሪ ዝናብ ሲመታው ምን ይሆናል?»

«አድኃሪ ዝናብ ሲመታው... ጊዜያዊ ማፈግፈግ ያደርጋል።»

ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። ከበቅሎዋ ደረት አንድ ዘርፍ በጥሼ ወደ ባላምባራስ ሄድኩና ጋቢያቸው ላይ ጨመቅሁት። ከትከሻቸው እስከ ጉልበታቸው እንደ ወንዝ ወረደ። እኔም ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ከጨመቅሁት በኋላ ነው፤ እኔ ሁሉም ነገር የሚገባኝ ከጨመቅሁት በኋላ ነው።

ባላምባራስ ጋቢያቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ለቀቀ» አሉ።

«ለቀቀ!» አለ አጃቢው ሁሉ፣ ከሰይድ በስተቀር። እልልታው ተመለሰ። ይመርን ውሃ ረጭተው አስነሱት፤ እንደቆመ «ቀለም ነው» ሲሉት «አውቄ ነበር» አለ።

እትዬ የሺ ግን እልል አላሉም። «ይሁን» አሉ ወገባቸውን ይዘው። «ቀለምም ከሆነ ትታጠብ፣ ቀሚስ ትቀይር። ነገ ጠዋት ጨርቁን አየዋለሁ።»

ብርቄ ከካባው ሥር ክንዴን ያዘችኝ። ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ።

«የቱን ጨርቅ?» አሉ ባላምባራስ።

«የቱን ይላሉ እንዴ! የወጉን ጨርቅ!»

«አንቺ ሴት» አሉ ባላምባራስ በዝግታ፣ «የይመር እጅ ቀይ ነው። የሚዜው ሱሪ ቀይ ነው። ልጅቱ ቀይ ናት። የኔ ጋቢ ቀይ ነው። በቅሎዬ ከሁላችን ትብሳለች። ነገ አንድ ጨርቅ ቀልቶ ቢመጣልሽ የማንን ብር አምባር ነው የምታይው? የበቅሎዋን?»

«አሸተዋለሁ!»

«እኔ በስተርጅና ቀለም የሚያሸት ቤተ ዘመድ አልመራም። ጨርቅ አይወጣም፣ ሚዜም አይዘፍንም፤ ቆርጫለሁ። ልጅቱን አስገቧት፣ ይበርዳታል።»

«አገሩ ምን ይለኛል? ለምን ጨርቅ አልወጣም ቢለኝ ምን ልመልስ?»

«የቀበሌው ቀይ ለቆ ነው በያቸዋ» አሉ ባላምባራስ።

ሰው ሁሉ ሰይድን አየ። ሰይድ እንደገና ሰማዩን አየና «እኔ አልሰማሁም» አለ፤ «ሐይቅ ገበያ ላይም የሚያወራ ሰው ካለ እሱን እሰማዋለሁ።»

ስለዚህ ማንም ለምን እንደቀረ ሊናገር አልቻለም፤ ማንም ሊናገር ካልቻለ ደግሞ ሊጠይቅም አልቻለም። ብርቄን አጅበው ወደ ቤት አስገቧት። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «እያለቀሰች ነው፣ አይዞሽ በሏት» አለች አንዲት አክስት። እኔ ግን በካባው ክፍተት አይቻታለሁ፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ልትገታ ስትሞት ነው። ይመርም ከጎኗ፣ አሥር ጣቱም ሙሉ፣ አንድም ያልተቆረጠ።

እኔና ሰይድ ወደ እስላሙ ዳስ ልንገባ ስንል እትዬ የሺ ትከሻዬን ያዙኝ። «አንቺ ዘርፍ ሠሪ፣ የኔን በግ አትቀምሻትም። አሁኑኑ ከግቢዬ ውጪልኝ!»

«እትዬ፣ ዳገት ወጥቼ...»

«ውጪ!»

እየገፉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እስከ አጥሩ በር አደረሱኝ። ከበሩ ውጪ፣ ከግራሩ ኋላ፣ ቆሙ። ወደ ግቢው ዞር ብለው አዩ። ድምፃቸው ተለወጠ።

«ስሚ እስቲ ልጄ። ያ ጨርቅ ተረፈሽ?»

«የቱ?»

«ቀዩ ነዋ።»

«ትንሽ አለ። ምን ሊያደርግልዎ እትዬ?»

ነጠላቸውን አጣፍተው አፋቸውን ሸፈኑ። «አለሚቱን፣ ልጄን፣ ለዳግም ትንሣኤ እድራታለሁ። ነጭ በቅሎ ነው የሚመጣላት። ያን ጊዜም ዝናብ አይጠፋም፣ ካልዘነበም በእንስራ እንረጫለን።»

አፍጥጬ አየኋቸው።

«ምን ታፈጥጭብኛለሽ? ደሴ ነው የተማረችው!» አሉኝ።

«አመጣልዎታለሁ» አልኩና ጫማዬን አውልቄ ይዤ፣ ጭቃውን እየረገጥኩ፣ ቁልቁለቱን ወደ ሐይቅ ወረድኩ።